የሚፈራው ጠረፍ እንዴት የሚጎበኝ ሆነ፤ ስለ ፖርት ካምቤል ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ

አንድ አገር የሚጎበኝ ሆኖ አይፈጠርም። ተራራውም፥ ዋሻውም፥ የባሕሩም ዳር ከሰው በፊት የነበሩ ናቸው፤ «ሄጄ ልየው» የሚል ሰው የተገኘው ግን በታወቀ ዘመንና በታወቀ ምክንያት ነው። ይህን ምክንያት መመርመር የታሪክ ተማሪ ሥራ መሆኑን ስለምናምን፥ በአውስትራሊያ ደቡብ ጠረፍ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የፖርት ካምቤልን ብሔራዊ ፓርክ ለምሳሌ ወስደናል። ቦታው ከሜልቦርን ከተማ ወደ ምዕራብ፥ በመሐል አገሩ መንገድ፥ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 1,750 ሄክታር ገደማ ሲሆን፥ መልኩ በባሕሩ ዳር ተጋድሞ የሚሄድ ጠባብ የገደል ጫፍ ነው። ዛሬ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሊያየው ይመጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ይህን ገደል ለማየት የሚመኝ መርከበኛ አልነበረም፤ በሌሊት በቅርብ ያየው መርከበኛ መዳኑ ያጠራጥር ነበርና። ከፍርሃት ወደ ጉብኝት የተደረገው ይህ ለውጥ የጽሑፋችን ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ድንጋዩ ጥቂት እንናገር። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። የምድርን አፈጣጠር የሚያጠኑ ሊቃውንት ማዮሲን ብለው በሚጠሩት ዘመን፥ ይኸውም ከአሁን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፥ ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ሳለ፥ የባሕር ፍጥረቶች ቅርፊትና አጥንት ከወለሉ ላይ እየተነባበረ ሲጠጥር ኖረ። ኋላ ባሕሩ ሲሸሽ ያ ንብብር የብስ ሆነ። የኖራ ድንጋይ ለዓይን ጠንካራ ቢመስልም ውሃ የሚበላው ለስላሳ ድንጋይ ነው። ከደቡብ ምዕራብ በኩል የሚመጣውን ማዕበል ደግሞ ከዋልታው በረዶ ጀምሮ እስከዚህ ጠረፍ ድረስ የሚገታው የብስ የለም። ማዕበሉ በገደሉ ላይ ስንጥቅ ያገኛል፤ ስንጥቁን እየቦረቦረ ዋሻ ያደርገዋል፤ ወደ ባሕር በገባ የየብስ አፍንጫ ላይ ከግራና ከቀኝ የተቦረቦሩ ሁለት ዋሻዎች ሲገናኙ ቅስት ይሆናል፤ የቅስቱ ጣራ ሲወድቅ በባሕሩ ውስጥ ለብቻው የቆመ ዐምድ ይቀራል። ዐምዱም በተራው እግሩ እየተበላ፥ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚሆን ይገመታል፥ አንድ ቀን ይፈርሳል። እንግዲህ ጎብኚ የሚያደንቃቸው ዐምዶች ከፈረሰ ገደል የተረፉ ናቸው ማለት ነው። ከእነርሱም ከፍ የሚሉት 45 ሜትር ያህል ይደርሳሉ።

ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት የዚህ ጠረፍ ባለቤቶች ኪሬ ውሩንግ የሚባሉ ሕዝብ ነበሩ። በገደሉ ጫፍና በአሸዋው መካከል በልተው የጣሉት የባሕር ቀንድ አውጣና የመሰል ፍጥረቶች ቅርፊት ክምር እስከ ዛሬ ይገኛል። ለእነርሱ ቦታው ምግባቸውን የሚያገኙበት አገራቸው ስለ ነበረ፥ መጎብኘት የሚባለው ነገር በእነርሱ ዘንድ ምን ትርጉም ይኖረዋል? በ1830ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ግን ነጮቹ ሰፋሪዎች በጎቻቸውን እየነዱ መጥተው መሬቱን ያዙት። መሬቱ እንዴት እንደ ተያዘ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከፖርት ካምቤል በስተ ምዕራብ፥ ፒተርቦሮ ከምትባለው መንደር አጠገብ ያለውን የባሕር ወሽመጥ ስም ይመልከት፤ በእንግሊዝኛ ማሳከር ቤይ ይባላል፥ የእልቂት ወሽመጥ ማለት ነው። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ፥ የኪሬ ውሩንግ ወንዶች እየተነዱ ከገደሉ ወደ ባሕር ተጣሉ ይላል። ስለዚህ ወሽመጥ የጎብኚዎች ጽሑፍ እምብዛም አይናገርም፤ እኛ ግን ከሌሎቹ ስሞች ሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ስም እርሱ ይመስለናል።

በጽሑፍ የታወቁት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ቦታውን ከባሕር ሆነው አይተው ያለፉ ናቸው። በ1800 መጨረሻ ጄምስ ግራንት የተባለ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ሌዲ ኔልሰን በተባለች ትንሽ መርከብ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በዚህ ጠረፍ አጠገብ አለፈ። በ1802 ደግሞ እንግሊዛዊው ማቴዎስ ፍሊንደርስና ፈረንሳዊው ኒኮላ ቦደን፥ አንዱ ወደ ምሥራቅ፥ አንዱ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፥ የዚያን አገር ካርታ ለመንሣት ይሽቀዳደሙ ነበር። ካርታው ተነሣ፤ አደጋው ግን አልቀነሰም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከእንግሊዝ አገር ወደ ሜልቦርን የሚመጣ ባለ ሸራ መርከብ የሕንድን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ለብዙ ሳምንት መሬት ሳያይ ይቆያል። በመጨረሻ በኬፕ ኦትዌይና በኪንግ ደሴት መካከል ባለው፥ ስፋቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ በር መግባት አለበት። 90 ኪሎ ሜትር ለሰሚው ሰፊ ነው፤ መርከበኞቹ ግን «የመርፌ ቀዳዳ» ይሉት ነበር። ሰማዩ ደመና ከሆነና ፀሐይና ከዋክብት ካልታዩ የመርከቡ አዛዥ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በግምት ብቻ ነው፤ ግምቱ ወደ ደቡብ ቢሳሳት ኪንግ ደሴት፥ ወደ ሰሜን ቢሳሳት የፖርት ካምቤል ገደል ይጠብቀዋል። በነሐሴ 1845 ካታራኪ የተባለ መርከብ ከሊቨርፑል ስደተኞችን ጭኖ ሲመጣ ኪንግ ደሴት ላይ ተሰብሮ 400 ያህል ሰዎች አለቁ፤ የዳኑት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። በኬፕ ኦትዌይ የመርከብ መብራት ማማ የበራው ከዚህ በኋላ፥ በ1848 ነው። በ1851 በቪክቶሪያ ወርቅ በተገኘ ጊዜ ደግሞ የመርከቡ ብዛት እጅግ ጨመረ።

ከመርከብ አደጋዎቹ ሁሉ ለጠረፉ ስም የሰጠው የሎክ አርድ መርከብ አደጋ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመለከተዋለን። ሎክ አርድ በ1873 በግላስጎ የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ የብረት መርከብ ነበረች። በመጋቢት 1878 መጀመሪያ ከእንግሊዝ አገር ስትነሣ 54 ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር። አዛዡ ጆርጅ ጊብ 29 ዓመቱ ሲሆን ሚስት ካገባ ገና ብዙ አልቆየም። ሦስት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ በግንቦት 31 ማታ፥ ነገ ሜልቦርን እንገባለን ብለው መንገደኞቹ የስንብት ግብዣ አደረጉ። አድማሱን ጉም ሸፍኖት ስለ ነበር አዛዡ የኦትዌይን መብራት ሲፈልግ አደረ። ጉሙ የተገለጠው በሰኔ 1 ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሲገለጥም ከፊቱ ያገኘው ነጣ ያለውን ገደል ነበር። መርከቡን ለማዞር ሞከረ፤ መልሕቅ ጣለ፤ መልሕቁ አሸዋውን እያረሰ ተሳበ እንጂ አልያዘም። መርከቧ ማተን በርድ ከሚባለው ደሴት አጠገብ ካለው ዐለት ጋር ተጋጭታ በሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሰጠመች።

ከ54ቱ ሁለት ሰዎች ዳኑ። አንዱ ቶም ፒርስ የተባለ የ18 ዓመት ልጅ፥ የመርከብ ሥራ ተማሪ ነበር፤ በተገለበጠ ጀልባ ሥር ሆኖ ማዕበሉ በሁለት ገደሎች መካከል ወዳለች ጠባብ የአሸዋ ዳርቻ አገባው። ሁለተኛዋ ኢቫ ካርማይክል የተባለች በዕድሜ የምትመስለው አየርላንዳዊት ነበረች፤ መጀመሪያ የዶሮ ቆጥ፥ ቀጥሎ የሸራ ተሸካሚ ግንድ ይዛ ስትንሳፈፍ ጩኸቷን ሰምቶ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ገባና እየጎተተ አወጣት። ወደ ዋሻም አገባት፤ ባሕሩ ከጣለው ዕቃ መካከል ያገኘውን የብራንዲ ጠርሙስ ሰብሮ ጥቂት አጠጣት። ከዚያም በገደሉ ላይ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ግሌናምፕል የተባለውን የከብት እርባታ ሠራተኞች አገኛቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ጉዳይ ከአደጋው ራሱ የበለጠ ይጠቅማል። የቅኝ ግዛቱ ጋዜጦች ዜናውን በያገሩ አሰራጩት፤ ሕዝቡም ቶም ኢቫን ያገባታል ብሎ ይጠብቅ ነበር። በዕድሜ የሚተካከሉ ወንድና ሴት፥ ባዶ የባሕር ዳር፥ ዋሻ፤ ለተረት የሚጎድል ነገር አልነበረም። ልብ ያላለው ሰው ብዙ ቢሆንም፥ ይህች ልጅ በዚያች ሌሊት አባትና እናቷን፥ ሦስት እኅቶቿንና ሁለት ወንድሞቿን ቀብራ፥ ቀብራ እንኳ አይባልም፥ አጥታ ነበር። ከ52ቱ ሟቾች አስከሬናቸው ተገኝቶ የተቀበረው የአራት ሰዎች ብቻ ነው፤ መቃብራቸው ዛሬም በገደሉ ራስ ላይ ይታያል። ኢቫ ጥቂት ሳምንት በግሌናምፕል ከታመመች በኋላ ወደ አየርላንድ ተመለሰች፤ ሌላ ሰው አገባች፤ በ1934 ሞተች። ቶም የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሞ ወደ ባሕር ሥራው ተመለሰ፤ በ1879 ሌላ መርከብ ተሰብሮበት ሳለ እንደ ገና ድኖ፥ ኋላ የመርከብ አዛዥ ሆኖ በ1908 ሞተ። የሕዝቡ ምኞት አልተፈጸመም፤ ቦታው ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ታሪክ ያለው ቦታ ሆነ። ባሕሩ ቁልቁል ገብቶ ዳርቻውን የከፈለበት ያ ስፍራ የሎክ አርድ ሸለቆ ተባለ፤ ሰውም «እዚህ ነበር» ለማለት ይመጣ ጀመር።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጨምር። መርከቧ ከጫነችው ዕቃ መካከል በእንግሊዝ አገር ሚንተን በተባለ የሸክላ ፋብሪካ የተሠራ፥ ከፍታው አንድ ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣዎስ ምስል ነበረ። በ1880 በሜልቦርን ለሚደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታሰበ ነበር። ብረቱ መርከብ ሲሰባበር ይህ ሸክላ በሣጥኑ እንዳለ፥ ከመንቁሩ ላይ ከተሸረፈ ትንሽ ነገር በቀር፥ ደኅና ሆኖ ከባሕር ወጣ። አሁን በዋርናምቡል ከተማ ፍላግስታፍ ሂል በሚባለው የባሕር ሙዚየም ይገኛል።

በእኛ አስተያየት ጉብኝት በዛሬው ትርጉሙ እዚህ ጠረፍ ላይ ግልጥ ሆኖ የታየው በ1908 ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ፎልስ ኦፍ ሃላዴል የተባለ መርከብ ከኒው ዮርክ የጣራ ድንጋይና ሌላም ዕቃ ጭኖ ሲመጣ በጉም ምክንያት ፒተርቦሮ አጠገብ ዐለት ላይ ወጣ። 29ኙ መርከበኞች ሁሉም ዳኑ። መርከቡ ግን ሸራውን እንደ ዘረጋ ለሳምንታት ከዐለቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ የዚያም አገር ሰው በጋሪና በፈረስ እየመጣ ከገደሉ ራስ ሆኖ ይመለከተው ነበር። በሎክ አርድ ጊዜ ሰዎች ወደ ገደሉ የመጡት ለመርዳት፥ አስከሬን ለመፈለግ፥ አንዳንዶቹም ባሕር የጣለውን ዕቃ ለመልቀም ነበር። አሁን ግን የሞተ ሰው ስለሌለ ያለ ኀዘን የሚታይ ትርኢት ተገኘ። ከዚያም በኋላ የሸራ መርከብ ዘመን እየቀረ፥ የእንፋሎት መርከብ እየበዛ ሄደ፤ ገደሉም የሚያስፈራው ሰው እየጠፋ ሄደ። የፍርሃቱ መቅለል ለጉብኝቱ መንገድ ከፋች ሆነ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ እውነተኛው መንገድ ተከፈተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፥ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ሥራ እንዲያገኙ፥ የሞቱትም ጓደኞቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን፥ በጠረፉ ላይ ታላቁ የውቅያኖስ መንገድ የተባለው ጎዳና እንዲሠራ ታሰበ። ሥራው በ1919 ተጀምሮ በ1932 ተመረቀ። 3,000 ያህል ወታደሮች በዶማና በአካፋ፥ በባሩድም ገደሉን እየፈነቀሉ ሠሩት፤ ለስምንት ሰዓት ሥራ አሥር ሺሊንግ ተኩል ይከፈላቸው ነበር። ዛሬ ርዝመቱ 243 ኪሎ ሜትር ነው። ጎብኚውን ወደ ፖርት ካምቤል የሚያደርሰው ጎዳና እንግዲህ የጦርነት ሐውልት ነው። መስኮቱን ከፍቶ ባሕሩን እያየ ከሚያልፈው ሰው ይህን የሚያስታውሰው ስንቱ ይሆን? በሜልቦርን ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ከአንባቢዎቻችንም መካከል ከዘመድ የተላከ የዚያ ባሕር ፎቶግራፍ የደረሰው አይጠፋም ብለን እንገምታለን፤ ፎቶግራፉ የሚያሳየው ዐምዶቹን እንጂ መንገዱን አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ዐምዶቹ በቀድሞ ዘመን «እሪያይቱና ግልገሎቿ» ይባሉ ነበር፤ እሪያይቱ ማተን በርድ ደሴት፥ ግልገሎቹም ትንንሾቹ ዐምዶች መሆናቸው ነው። የገበሬና የመርከበኛ ስም ነው፤ በእኛ ግምት ጥሩ ስም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ጎብኚ ለመሳብ ሲታሰብ እሪያ ለማስታወቂያ የሚስማማ ሆኖ ስላልተገኘ፥ «ሐዋርያት»፥ ኋላም «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚለው ስም ጸና። የሚገርመው ዐምዶቹ በስሙ ዘመን አሥራ ሁለት አለመሆናቸው ነው፤ ዘጠኝ ነበሩ። ማስታወቂያው ሦስት ጨመረ። የሃይማኖትን ስም ለንግድ ማዋል ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌሎች እንተዋለን፤ የታሪክ ተማሪ ግን ስም ራሱ ሰነድ መሆኑን መርሳት የለበትም። በአንድ ጠረፍ ላይ የእልቂት ወሽመጥ የሚለው የሰፋሪውን፥ እሪያይቱ የሚለው የባሕረኛውን፥ ሐዋርያት የሚለው የአስጎብኚውን ዘመን ይመሰክራል።

ቦታው በ1964 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1981 ድንበሩ ሰፋ፤ በ2002 ደግሞ ከፊቱ ያለው ባሕር 7,500 ሄክታር ያህል ተከልሎ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በመጋቢት 2023 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት፥ ኪሬ ውሩንግ የሚገኙበት የኢስተርን ማር ሕዝብ በዚህ ጠረፍ ላይ ጥንታዊ የመሬት መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። መሬቱ ከተያዘ ከ180 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አንድ ነገር ሲከለል እንዲጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የኖራ ድንጋይን ከባሕር የሚጠብቅ ሕግ የለም። የለንደን ድልድይ የሚባል ባለ ሁለት በር ቅስት ነበረ፤ ጎብኚዎች በላዩ ይራመዱ ነበር። በጥር 15 ቀን 1990 ወደ የብስ የቀረበው በር በድንገት ተደረመሰና ተሻግረው የነበሩ ሁለት ጎብኚዎች አዲስ በተፈጠረው ደሴት ላይ ቀሩ፤ ሄሊኮፕተር መጥቶ አነሣቸው፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። በሐምሌ 3 ቀን 2005 ከዘጠኙ ሐዋርያት አንዱ፥ ከፍታው 50 ሜትር ያህል የነበረው፥ በቅጽበት የድንጋይ ክምር ሆነ፤ ስምንት ቀሩ። በሰኔ 2009 በሎክ አርድ ሸለቆ አፍ ላይ የነበረው የደሴቱ ቅስት መካከሉ ወድቆ ሁለት ዐምዶች ለየብቻ ቆሙ። እነዚህን ሁለት ዐምዶች ቶምና ኢቫ ብለው ሰየሟቸው። ጋዜጦቹ በ1878 ሊያጋቧቸው ያልቻሉትን ሁለት ሰዎች ስም፥ ባሕር መካከላቸው እየገባ ለተለያዩ ሁለት ድንጋዮች መስጠት ሳይታሰብ የተደረገ ቢሆንም የሚስማማ ነው።

ዐምዶቹ እንዳይፈርሱ በሲሚንቶ ይደገፉ የሚል ሐሳብ አንዳንድ ሰው ያቀርብ ይሆናል። እኛ ይህን አንደግፍም። ከላይ እንዳልነው ዐምዱ የመጣው ከመፍረስ ነው፤ ማዕበሉ ከተገታ አሮጌው ዐምድ ይቆይ ይሆናል እንጂ አዲስ ቅስትና አዲስ ዐምድ አይወለድም። ይህ ገደል ለተመልካች የሚሰጠው ትልቁ ትምህርት የምድር አቀማመጥ እየተለወጠ መሄዱን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማሳየቱ ነው፤ በ1989 የተነሣ ፎቶግራፍና በ2010 የተነሣ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ አገር አይመስሉም። መጠበቅ የሚገባው ከጎብኚው ብዛት የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ የሚበዛው ሰው በአውቶቡስ መጥቶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳልና፥ መቃብሮቹን ሳያይ፥ ስሞቹን ሳይጠይቅ ነው።

በ2016 የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ከእነርሱም አንዷ ለዶክትሬት የምታጠና ተማሪ ነበረች፥ የባሕሩን ወለል በድምፅ ሞገድ በሚለካ መሣሪያ የተነሣ ካርታ ሲመረምሩ፥ ከጠረፉ 6 ኪሎ ሜትር ርቀው፥ በ50 ሜትር ጥልቀት ላይ የቆሙ አምስት የኖራ ድንጋይ ዐምዶች አገኙ። ዕድሜያቸው 60,000 ዓመት ያህል እንደሚሆን ገመቱ። ዐምድ ባሕር ውስጥ ሲሰጥም ማዕበሉ ያጠፋዋል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ይህ ያልተጠበቀ ነገር ነው፤ የባሕሩ ከፍታ በፍጥነት ስለ ጨመረ ማዕበሉ ሊጨርሳቸው ጊዜ አላገኘም ይላሉ። የበረዶው ዘመን በበረታበት፥ ከአሁን በፊት 20,000 ዓመት ገደማ፥ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበርና አምስቱ ዐምዶች የቆሙበት ቦታ ደረቅ መሬት ነበር። በአውስትራሊያ ውስጥ ሰው መኖር ከጀመረ ያን ጊዜ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ስለዚህ የዚያ አገር ቀደምት ሰዎች ዛሬ ማንም ጎብኚ ሊያያቸው በማይችል በእነዚህ ዐምዶች መካከል በእግራቸው ለማለፍ ይችሉ ነበር።